የዋልታ ብርሃንና መግነጢሳዊ ማዕበል፤ በሰሜን በዓይን፣ በኢትዮጵያ በመሣሪያ የሚታየው ለውጥ

አርብ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በዓለም ዙሪያ የሚገኙ የመሬት መግነጢስ መለኪያ ጣቢያዎች ተመሳሳይ ምልክት መዘገቡ። ለሰዓታት በእርጋታ ሲጓዝ የቆየው የመለኪያ መስመር በድንገት ወደ ላይ ዘለለ፤ ከዚያም እየተዋዠቀ ማሽቆልቆል ጀመረ። በዚያው ሌሊት በብሪታንያ፣ በጀርመንና በፖላንድ የሚኖሩ ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው ሰማዩ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ ቀለም ሲሸፈን ተመለከቱ። ምሽቱ ወደ አሜሪካ አህጉር ሲሻገር ብርሃኑ እስከ ፍሎሪዳና ሜክሲኮ ድረስ ታይቷል። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብም ከኒውዚላንድና አውስትራሊያ አልፎ ናሚቢያ ላይ በፎቶግራፍ ተቀርጿል።

በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ግን የተለየ ነገር አልታየም። በዚህም ምክንያት በርካታ ሰዎች ክስተቱን የሩቅ አገር ትዕይንት አድርገው ወስደውታል። ሆኖም ማዕበሉ በኢትዮጵያ ላይም አልፏል። ብርሃኑ ማዕበሉ በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ የሚያሳየው ገጽታ ሲሆን፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ገጽታ ደግሞ በመሣሪያ እንጂ በዓይን አይታይም። ብርሃኑ በማዕበል ወቅት የሚያደርገውን ለውጥ መረዳት ይህንን የማይታየውን ክፍል ለመረዳትም ይረዳል።

ብርሃኑና መግነጢሳዊ መናወጡ የአንድ ነገር ሁለት መልክ መሆናቸው የታወቀው ከ280 ዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ በ1741 በስዊድን የኡፕሳላ ከተማ አንደርስ ሴልሲየስና ረዳቱ ኦሎፍ ሂዮርተር የዋልታ ብርሃን በሰማይ ላይ በሚደምቅበት ሰዓት የኮምፓስ መርፌ ከቦታዋ እንደምትናወጥ አስተዋሉ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ጆርጅ ግራሃም ባደረገው ልኬት ሁለቱ ከተሞች ያሏቸው መርፌዎች በአንድ ቀን መናወጣቸው ተረጋገጠ። ሴልሲየስ በዛሬው ትውልድ ዘንድ የሚታወቀው በሙቀት መለኪያው ቢሆንም፣ ይህኛው ሥራው ከዚያ ያነሰ ግምት የሚሰጠው አይደለም።

የክስተቱ መነሻ ፀሐይ ናት። ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚነፍሰው ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች ጅረት፣ በተለምዶ የፀሐይ ነፋስ የሚባለው፣ በአማካይ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከፀሐይ ውጫዊ ክፍል ግዙፍ የጋዝና የመግነጢስ ክምችት ተፈናጥሮ ይወረወራል። በግንቦት 2016 ዓ.ም የሆነውም ይኸው ነበር። 13664 የሚል ቁጥር ከተሰጠው ሰፊ የፀሐይ ነጠብጣብ አካባቢ በተከታታይ ቀናት በርካታ ክምችቶች ተወርውረው፣ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እየደረሱባቸው ወደ መሬት መጡ።

ይሁን እንጂ የክምችቱ ፍጥነትና ብዛት ብቻውን ማዕበል አያስነሳም። ወሳኙ ጉዳይ ክምችቱ ተሸክሞት የሚመጣው የመግነጢስ መስክ አቅጣጫ ነው። ይህ መስክ ወደ ሰሜን ካመለከተ የመሬት መግነጢሳዊ ጋሻ አብዛኛውን ኃይል መልሶ ይገፋዋል። ወደ ደቡብ ካመለከተ ግን በተቃራኒው ከሚያመለክተው የመሬት መስክ ጋር ተገናኝቶ ይቀላቀላል፤ ኃይሉም ወደ ውስጥ ይገባል። ትንበያውን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ክምችቱ ከፀሐይ መነሳቱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አስቀድሞ ቢታወቅም፣ የመስኩ አቅጣጫ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካው ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የቆሙ ሳተላይቶች ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ በፈጣን ማዕበል ወቅት ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

በዚህ ረገድ በብዙ ጽሑፎች ላይ የሚታይ አንድ ስህተት አለ። የዋልታ ብርሃን ከፀሐይ የተነሱ ቅንጣቶች በቀጥታ ዋልታዎች ላይ ሲወድቁ የሚፈጠር ተደርጎ ይቀርባል። እውነታው ከዚህ ይለያል። የሚገባው ኃይል በቅድሚያ የሚከማቸው መሬት በሌሊቱ ወገን ከኋላዋ በምትጎትተው ረጅም የመግነጢስ ጅራት ውስጥ ነው። ጅራቱ ተወጥሮ መሸከም ሲያቅተው መስመሮቹ ተበጥሰው እንደገና ይጋጠማሉ፤ በዚህ ጊዜ ኤሌክትሮኖች ወደ መሬት ተመልሰው ይወረወራሉ። እ.ኤ.አ በ2007 የተመጠቁት ቴሚስ የተባሉ አምስት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2008 ባደረጉት ልኬት ይህ መበጠስ ከመሬት እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛ በሚሆን ቦታ ላይ ሲጀምርና ብርሃኑ ከዚያ ተከትሎ ሲደምቅ አሳይተዋል።

ጸጥ ባለ ሌሊት የዋልታ ብርሃን በመግነጢሳዊው ዋልታ ዙሪያ የተዘረጋ ሞላላ ቀለበት ይዞ ይቀመጣል። የኖርዌዩ ትሮምሶና የአላስካው ፌርባንክስ ከዚህ ቀለበት በታች ወይም አጠገብ በመሆናቸው ነዋሪዎቻቸው ብርሃኑን ያለ ማዕበልም ያዩታል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ደብዛዛ አረንጓዴ ቅስት ነው። ርዝመቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊሆን ሲችል ውፍረቱ ግን እጅግ ቀጭን ነው።

የማዕበሉ ኃይል መግባት ሲጀምር ቅስቱ ቀስ እያለ ወደ ምድር ወገብ አቅጣጫ ይወርዳል። ይህ የመጠራቀም ምዕራፍ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል። በሰማይ ላይ ምንም አስደናቂ ነገር ስለማይታይ ለማየት የወጣው ሰው ብርዱን ሸሽቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያም ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ከቅስቶቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚገኘው በድንገት ይደምቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ቅስቱ ተሰባብሮ እንደ ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃ ይጠቀለላል፤ ወደ ዋልታውና ወደ ምዕራብ በሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይስፋፋል፤ የታችኛው ጠርዙም ሮዝና ሐምራዊ ይሆናል። ከአሥር እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰማዩን በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። በመጨረሻ መጋረጃዎቹ ይከስማሉ፤ በቦታቸውም በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ድርግም የሚሉ ደብዛዛ ጠጋዎች እስከ ንጋት ይቆያሉ።

ይህ ሂደት ንዑስ ማዕበል በመባል ይታወቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ቅደም ተከተሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ያስቀመጡት ጃፓን ተወልደው በአላስካ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሹን-ኢቺ አካሶፉ ሲሆኑ፣ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ በ1964 ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሶቪየት ኅብረቱ ተመራማሪ ፌልድስታይን የብርሃኑ ቀለበት ሞላላ መሆኑን አሳይተዋል። ሁለቱም የተመረኮዙት እ.ኤ.አ በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወቅት ሰማዩን በሙሉ በሚያነሱ ካሜራዎች በተሰበሰቡ ምስሎች ላይ ነው። የቀዝቃዛው ጦርነት ተፋላሚዎች በሁለት ወገን ሆነው የአንድ ሰማይ ምስል ይለዋወጡ የነበረበት ጊዜ ነበር።

ኢትዮጵያም በዚህ ዓለም አቀፍ ሥራ ውስጥ ድርሻ ነበራት። በጊዜው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል በነበረው ተቋም ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው በዚሁ ዓለም አቀፍ ዓመት ምክንያት ሲሆን፣ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዊን ነበሩ። ሕዝቡ ተቋሙን ይበልጥ የሚያውቀው በመሬት መንቀጥቀጥ መረጃው ነው። ለመመሥረቱ ዋነኛ ምክንያት የሆነው ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ፣ ለአዲስ አበባ ቅርብ በሆነ መስመር፣ የሚያልፍ መሆኑ ነው።

በታላቅ ማዕበል ጊዜ ንዑስ ማዕበሎች አንዱ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ ይደራረባሉ። ቀለበቱ ወደ ቦታው ለመመለስ ፋታ አያገኝም፤ እየሰፋ ከመግነጢሳዊ ኬክሮስ 50 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀለሙም ይለወጣል። አረንጓዴው ብርሃን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኝ ኦክስጅን የሚመነጭ ሲሆን፣ ቀዩ ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ከዚያው ኦክስጅን የሚወጣ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ጊዜ ነው። አንድ የኦክስጅን አቶም የተቀበለውን ኃይል በአረንጓዴ ብርሃን ለመልቀቅ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ቀዩን ለመልቀቅ ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። አየሩ ጥቅጥቅ ባለበት ዝቅተኛ ከፍታ ከሌሎች ቅንጣቶች ጋር ተጋጭቶ ኃይሉን ስለሚያጣ ቀዩ የሚወጣው አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ብቻ ነው።

ከዋልታ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ብርሃኑን ቀይ አድርገው የሚያዩትም በዚህ ምክንያት ነው። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ብርሃን ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚገኝ ሰው ከአድማስ በላይ ይታየዋል፤ አረንጓዴው ክፍል ግን ከመሬት ጥምዝ በታች ይደበቃል። ሮማዊው ሴኔካ ከ2 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት እንደጻፈው፣ በንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ዘመን ወታደሮች የኦስቲያ ወደብ የተቃጠለ መስሏቸው ለእርዳታ ሮጠው ሄደው ያገኙት ቀይ ሰማይ ብቻ ነበር።

ለውጡ በውበት ብቻ የሚታለፍ አለመሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ ማርች 13 ቀን 1989 የደረሰው ክስተት ነው። ብርሃኑ ደምቆ ሲስፋፋ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር አምፒር የሚደርስ የኤሌክትሪክ ጅረት አብሮት ይፈሳል። ይህ ጅረት በፍጥነት ሲለዋወጥ በመሬት ውስጥና በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ሌላ ጅረት ያስነሳል። በካናዳ የኩቤክ ግዛት የኤሌክትሪክ መረብ በ90 ሰከንድ ውስጥ ወድቆ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓታት ያህል ያለ ኃይል ቆይቷል። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2003 ማዕበል ወቅት ደግሞ የስዊድኗ ማልሞ ከተማ ለአጭር ጊዜ ጨልማለች።

የግንቦት 2016ቱ ማዕበል ከ2003 ወዲህ በአሜሪካው የትንበያ ማዕከል መለኪያ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ነበር። የማዕበል ጥንካሬን የሚያሳየው ዓለም አቀፍ አመልካች ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወርዷል። በአዲስ አበባ ያለው የመሬት መግነጢስ ጠቅላላ መጠን 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ከመቶ አንድ እጅ ብዙም የማያልፍ ለውጥ ነው። ጉዳት የሚያስከትለው ግን የለውጡ መጠን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ከብርሃኑ ቀለበት በታች መስኩ በደቂቃዎች ውስጥ ከአንድ ሺህ ናኖቴስላ በላይ ሊናወጥ ይችላል።

በዚያ ሌሊት ያን ያህል የከፋ የኃይል መቋረጥ አልደረሰም። የኒውዚላንድ የማስተላለፊያ መረብ አስተዳደር የተወሰኑ መስመሮችን ለጥንቃቄ አጥፍቶ ነበር። ዘጋቢዎች ብዙም ትኩረት ያልሰጡት ጉዳት የደረሰው በእርሻ ማሳ ላይ ነው። ወቅቱ በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የበቆሎ መዝሪያ በመሆኑ፣ በሴንቲሜትር ልክ በሳተላይት እየተመሩ የሚዘሩ ትራክተሮች መስመራቸውን ስተው ብዙ ገበሬዎች ሥራ አቁመዋል። ሳተላይቱ አልተበላሸም፤ ትራክተሩም ደህና ነበር። የተዛባው ምልክቱ የሚያልፍበት አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው አየር ክፍል ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ በላይ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ በቀን ብርሃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። በዋልታ አካባቢ ብርሃኑን የሚያናውጠው የኤሌክትሪክ መስክ በማዕበል ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ምድር ወገብ ዘልቆ ይህን ጅረት ያጠነክረዋል ወይም አቅጣጫውን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከፀሐይ የሚመጣ ድንገተኛ ግፊት በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ሥር በሚገኙ አገሮች የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ የሚያስነሳው ጅረት በዚሁ ምክንያት ከፍ ይላል። ቀደም ሲል ጉዳዩ የሰሜን አገሮች ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር።

የአዮኖስፌሩ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነው። በዚህ ቀጠና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ውስጥ አረፋ መሰል ክፍተቶች ስለሚፈጠሩ የሳተላይት ምልክት ማዕበል በሌለበት ምሽት እንኳ ሊቆራረጥ ይችላል። ማዕበል ሲነሳ ክፍተቶቹ እንደ ሰዓቱ ሁኔታ ይባባሳሉ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋሉ። በሴንቲሜትር ደረጃ ትክክለኛነት የሚጠይቅ የይዞታ ልኬት፣ በሳተላይት የሚመራ የአውሮፕላን አቀራረብና የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግንኙነት ሁሉም በዚህ አየር ውስጥ ያልፋሉ። የልኬት ባለሙያ ያመጣው ቁጥር ከትናንቱ ሲለይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በባለሙያው ወይም በመሣሪያው ላይ ነው። የዚያን ዕለት የመግነጢስ መዝገብ ማየት የሚታሰበው እምብዛም ነው።

ለዚህ የሚሆን መነሻ አቅም በአገር ውስጥ አለ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ኢንተርማግኔት ከተባለው ዓለም አቀፍ የመለኪያ መረብ ጋር የተሳሰረ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ያጠናል፤ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትም በዘርፉ ተመራማሪዎች አሉት። እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ማኅበር የጠፈር አየር ጠባይ ከቦታ ቦታ የሚለያይበትን ምክንያት የመከረበትን ጉባኤ ያካሄደው በአዲስ አበባ ነው። በአህጉሩ ደረጃ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የስፔስ ኤጀንሲ በሄርማነስ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ የማስጠንቀቂያ ማዕከል እ.ኤ.አ በ2022 ከፍቷል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም እ.ኤ.አ ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ በሬዲዮ ግንኙነት፣ በሳተላይት አቅጣጫ ማመላከቻና በጨረር ላይ ለአየር መንገዶች ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አገልግሎት አለው።

በነገራችን ላይ ከላይ የተጠቀሰው ዓለም አቀፍ አመልካች የሚሰላው በሆኖሉሉ፣ በሳን ሁዋን፣ በሄርማነስና በካኪዮካ ጣቢያዎች መረጃ ሲሆን አዲስ አበባ ከአራቱ አንዷ አይደለችም። ምክንያቱ የጣቢያው ድክመት አይደለም። በላይዋ የሚፈሰው የምድር ወገብ ጅረት ከማዕበሉ ጋር ስለሚቀላቀል ለዓለም አቀፍ አማካይ አይመችም። በሌላ አነጋገር ለኢትዮጵያ የሚያስፈልገውን መረጃ ከዓለም አቀፉ ቁጥር ብቻ ማንበብ አይቻልም፤ እዚሁ መለካት ያስፈልጋል።

ስጋቱን ማጋነንም ተገቢ አይደለም። ከማርስ የሚመጣ ጨረር ስለሆነ በተወሰነ ሌሊት ስልክ አጥፉ የሚል መልእክት በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ይዛመታል፤ መሠረት የለውም። መግነጢሳዊ ማዕበል ሰው ኪስ ውስጥ ያለን ስልክ አያቃጥልም። የሚነካው ረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮችን፣ ሳተላይቶችንና በአዮኖስፌር የሚያልፉ ምልክቶችን ነው። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2022 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ካመጠቃቸው 49 አነስተኛ ሳተላይቶች አብዛኞቹን ያጣው እንኳ መካከለኛ በሚባል ማዕበል ነበር። ማዕበሉ የላይኛውን አየር አሙቆ ስላሰፋው ሳተላይቶቹ ፍጥነታቸው ተገቶ ወደቁ።

ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንዴ ከምትደርስበት የእንቅስቃሴ ጫፍ ላይ መድረሷን የአሜሪካ ተቋማት ያስታወቁት እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2024 ነው። በዚያው ወር ሌላ ከባድ ማዕበል ተነስቶ የዋልታ ብርሃን እንደገና ከተለመደው ቦታው ርቆ ወርዷል። ጫፉ ካለፈ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን የጸጥታ ዓመታት አይደሉም። የ2003ቱ ማዕበል የደረሰው ያኔ የነበረው ጫፍ ካለፈ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

የግንቦት 2016 ዓ.ም ማዕበል በኢትዮጵያ የደረሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሳምንቱ መጨረሻ ከተዘጉ በኋላ ነበር። አመልካቹ እጅግ ዝቅ ያለው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዎች ሲከፈቱ ዋናው ማዕበል አልፎ ነበር።